የልጄን ጥንቸል ላስመክናት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለ12 ዓመት ልጄ ከብዙ ልመና በኋላ ጥንቸል ገዛንላት። ጆሮዋ ወደ ታች የወደቀ፣ ትንሽ፣ ሆላንድ ሎፕ የሚሏት ዓይነት ናት፤ ስሟ ኮኮ ነው። አሁን 7 ወሯ ነው። ስትመጣ እቅፍ ውስጥ የምትተኛ የዋህ ነበረች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። እጃችንን ወደ ቤቷ ስናስገባ እያጉረመረመች በፊት እግሯ ትማታለች፤ ልጄን አንድ ጊዜ ነክሳታለች። ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀምራለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የደረቷን ፀጉር እየነጨች፣ ድርቆሽ በአፏ ሞልታ ጥግ ላይ ስትከምር አየናት። ወንድ ጥንቸል አጠገቧ ደርሶ አያውቅም።

ሐኪም ጋ ስንወስዳት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ይሻላል ተባልን። ዋጋው 600 ዶላር ነው። ሌላ ክሊኒክ ስደውል 220 አሉኝ። ባለቤቴ «ለጥንቸል ስድስት መቶ ዶላር? የወንድሜ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እየጠበቁን!» ብሎ ተቆጣ። ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ደግሞ «እግዜር የሰጣትን መከልከል ኃጢአት ነው፤ ቢያንስ አንዴ ትውለድና ልጆቿን ትይ» ይላሉ። ልጄ ጥንቸሎች በማደንዘዣ ይሞታሉ የሚል ነገር አንብባ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ ለኮኮ ጓደኛ የምትሆን ሌላ ጥንቸልም ትፈልጋለች። መሃል ላይ ቀረሁ። ምን ይመክሩኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

እህቴ፣ ሐሳቤን መጀመሪያ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ ላምጣው። ኮኮ በእርግጥ ሴት ከሆነች፣ ጤነኛ ከሆነችና ጥንቸል ዘወትር የሚያክም ሐኪም ካገኙላት ቀዶ ሕክምናው ይደረግላት። 220 ዶላር ያሉዎት ክሊኒክ ጋ ግን ከታች የምጽፋቸውን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ አይውሰዷት። 600 ያሉዎትንም ቢሆን እነዚያኑ ጥያቄዎች ይጠይቋቸው። እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፤ እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ጥንቸልና ወፍ በሚበዛበት ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። እንዲህ ቆርጬ የምናገረው ማህፀናቸው ያልወጣ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ምን ይዘው እንደሚመጡ ስለማይ ነው።

ከጠባይዋ ልነሳ። ኮኮ ክፉ አልሆነችም፣ ደርሳለች። ትንንሽ ዝርያዎች አራት ወር ግድም ሲሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሴት ጥንቸል እንደ ውሻ በዓመት አንዴ ሁለቴ ወቅቷን ጠብቃ ወንድ የምትፈልግ እንስሳ አይደለችም። እንቁላሏ በተለምዶ የሚለቀቀው ከወንድ ጋር ስትገናኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰውነቷ አብዛኛውን ጊዜ ለመፀነስ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ስለዚህ ቤቷን እንደ ግዛቷ ትቆጥረዋለች፤ እጅ ሲገባባት ታጉረመርማለች፣ ትማታለች፣ የኔ ነው ለማለት በየቦታው ትሸናለች። ፀጉሯን መንጨቷና ድርቆሽ መከመሯ ደግሞ የሐሰት እርግዝና ነው። ሰውነቷ ያረገዘች ይመስለውና ለማይመጡ ልጆች ጎጆ ትሠራለች። ከ16 እስከ 18 ቀን ቆይቶ በራሱ ያልፋል፤ ሆኖም ይመላለሳል። አሁን የሠራችውን ጎጆ አያፍርሱባት፤ እስኪያልፍላት በእጅ አያባብሏት፤ ልጅዎም ምግቧን ከውጭ ታቅርብላት። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሲይዙም ይህን ይንገሯቸው፤ ብዙ ሐኪሞች የሐሰት እርግዝናው እስኪያበቃ መጠበቅን ይመርጣሉ።

ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ልጠብቅ ቢሉኝም አልከራከርዎትም ነበር። ትልቁ ምክንያት ካንሰር ነው። የማህፀን ካንሰር በሴት ጥንቸሎች ላይ ከሚታዩት ዕጢዎች ሁሉ የበዛው ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግድም ለምርምር በተያዙ ጥንቸሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በሁለትና በሦስት ዓመታቸው ጥቂቶች ላይ ብቻ የታየው ዕጢ አምስት ዓመት ባለፋቸው ላይ ከግማሽ በላይ መድረሱን አሳይተዋል። እነዚያ የተወሰኑ ዝርያዎች ነበሩ፤ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ ኮኮን በእርግጠኝነት ይይዛታል ብዬ ላስፈራራዎት አልፈልግም። ነገር ግን ጥንቸል ቤት ውስጥ በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለችና፣ አደጋው የሚበረታበት ዕድሜ ላይ መድረሷ አይቀርም።

በቅርብ ያየሁትን ልንገርዎት። የሰባት ወር ጤነኛ ጥንቸል ማህፀን ከእርሳስ የማይወፍር፣ ለስላሳ፣ ሮዝ መልክ ያለው ነው። ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ የማህፀን በር አለው። አምስት ዓመት አልፏት «ሽንቷ ላይ ደም አየን» ተብላ የምትመጣ ጥንቸል ሆዷ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ቀጭን ቅርንጫፍ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተርታውን አብጦ፣ አንዱ እብጠት ሽንብራ የሚያህል፣ ሌላው ዋልነት የሚያህል ሆኖ ይወጣል። ከማህፀኑ ሳይወጣ ከተደረሰበት ትድናለች። ወደ ሳንባዋ ካለፈ ግን የምናደርግላት ነገር የለንም። ጥንቸል ደግሞ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። በዱር ደካማ የመሰለች ቀድማ ትበላለችና፣ እስክትጨርስ ድረስ እየበላችና እየዘለለች ትቆያለች።

ስለ ሽንት ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። የጥንቸል ሽንት ከምትበላው ቅጠል የተነሳ አንዳንዴ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ያ ደም አይደለም። የሚያሳስበው በሽንቱ መጨረሻ ላይ ጠብ የሚል ወይም የረጋ ደም ነው።

ዕድሜዋም አሁን ጥሩ ነው። ከአምስት ስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ማህፀኑ በቂ መጠን ይኖረዋል፣ በዙሪያው ያለው ስብ ደግሞ ገና ቀጭን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጥንቸል ስቧን የምታከማቸው በማህፀኗ ዙሪያ ነው፤ ያኔ ቀዶው ይረዝማል፣ የደም ሥሮቹን ለይቶ መቋጠርም ያስቸግራል።

አሁን ወደ ልጅዎ ፍርሃት ልምጣ፤ ልጅቷ ያነበበችው ውሸት አይደለምና «ምንም አትሆንም» ብለው አያልፏት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ከብዙ ክሊኒኮች በተሰበሰበ ትልቅ ጥናት፣ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው ጤነኛ ጥንቸሎች ከ137ቱ አንዷ ሞታለች። ለጤነኛ ድመት ከ900 ገደማ አንድ፣ ለጤነኛ ውሻ ደግሞ ከ1,800 በላይ ከሚሆኑት አንድ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምክንያቶቹም ይታወቃሉ፦ ጉሮሮዋ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ልምድ ይጠይቃል፤ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ፍርሃት ብቻውን ልቧን ይጎዳል። ከዚያ ጥናት እኔ ሁሌ የማስታውሰው ግን ሌላውን ነው፤ ከሞቱት ጥንቸሎች አብዛኞቹ የሞቱት ቀዶው ላይ እያሉ ሳይሆን ካለቀ በኋላ በነበሩት ሰዓታት ነው። ሰመመኑ ሲለቃት ማን እንደሚከታተላት፣ ሙቀቷ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሕመሟ መታገሡና አመሻሽ ላይ መብላቷ ከቢላዋው እኩል ይወስናሉ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም መሣሪያውም ተሻሽሏል፤ ጥንቸል የለመዱ ክሊኒኮችም ከዚያ ቁጥር የተሻለ ውጤት አላቸው። በሚመርጡት ክሊኒክ ያን አደጋ በእጅጉ ሊቀንሱት ይችላሉ።

እንግዲህ ስልክ ደውለው የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ «ከቀዶው በፊት ባለው ሌሊት ምግብ ልከልክላት?» መልሱ «አዎ፣ ከማታ ጀምሮ ምንም አትስጧት» ከሆነ አመስግነው ስልኩን ይዝጉ። ውሻና ድመት የሚጾሙት በማደንዘዣ ውስጥ እንዳያስመልሳቸው ነው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። አንጀቷ ደግሞ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፤ ባዶ ሆኖ ካደረ ይቆማል፣ ጋዝ ይሞላዋል፣ ይህ ራሱ ይገድላታል። አንዳንድ ጥሩ ሐኪሞች አፏ ባዶ እንዲሆን ብለው አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ምግቧን ያነሳሉ፤ እሱ ችግር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ማስጾም ግን ጥንቸል የማያውቅ ክሊኒክ ምልክት ነው።

ከዚያ ሐኪሙ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጥንቸል ቀዶ እንደሚሠራ ይጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ማደንዘዣው እየተሰጠ ኦክስጅንና ማሞቂያ እንዳላት፣ ትንፋሿንና የልብ ምቷን ብቻ የሚከታተል ሰው መኖሩን፣ የሕመም ማስታገሻ ወደ ቤት ይዘው እንደሚሄዱ ይጠይቁ። እኛ ክሊኒክ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሜሎክሲካም ነው፤ በአፍ የሚጠጣ ጣፋጭ ስለሆነ ጥንቸሎች አይጠሉትም። «ማስታገሻ አያስፈልጋትም፣ ራሷ ትድናለች» የሚል መልስ እንዳይቀበሉ እለምንዎታለሁ። የተከፈተ ሆድ ያማል፤ ያመማት ጥንቸል አትበላም፤ ያልበላች ጥንቸል ትሞታለች። በመጨረሻም መብላት ሳትጀምር ወደ ቤት ይልኳት እንደሆነ ይጠይቁ።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ለትርፍ ያልቆሙ አንዳንድ የእንስሳት መጠለያዎች ማምከንን ዘወትር ስለሚሠሩ ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ እጃቸው ግን የሰላ ነው። 220 ያሉዎት ክሊኒክ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ መልሶቻቸው ይነግሩዎታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ሀውስ ራቢት ሶሳይቲ ጥንቸል የሚያክሙ ሐኪሞችን በየግዛቱ ዘርዝሮ ያስቀምጣልና ከዚያ ይጀምሩ። ቀጠሮው ላይ ሐኪሟ በመጀመሪያ ኮኮ ሴት መሆኗን ታረጋግጥልዎ። ሲገዙ «ሴት ናት» የተባሉ ጥንቸሎች ወንድ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም፤ እርግጥ ነው ጎጆ መሥራቷን ስሰማ የኮኮ ነገር አያጠራጥረኝም።

ባለቤትዎ ስለ ገንዘቡ ያሉትን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። አገር ቤት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቁ ልጆች ያሉት ሰው ለጥንቸል 600 ዶላር ሲባል ቢደነግጥ ልቡ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው። ነገር ግን ምርጫው በ600 ዶላርና በዜሮ መካከል አይደለም። ኮኮ ካልታከመች በአራት ወይም በአምስት ዓመቷ ደም ብትሸና ልጅዎ 16 ወይም 17 ዓመቷ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ካንሰር ያለበትን ማህፀን ማውጣት ሲደመር ዋጋው ከዛሬው ይበልጣል፤ ያ ካልሆነ የሚቀረው ምርጫ ሐኪሙ በመርፌ እንዲያሳርፋት መፍቀድ ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ የወንድም ልጆች ክፍያ አይነካም፤ ይህ ለብቻው በሁለት ሦስት ወር ይጠራቀማል። የሰባት ወር ጥንቸል ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ትችላለች። ብዙ ክሊኒኮች ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ ይጠይቁ። ልጅቷም ከልደት ገንዘቧ ትንሽ ብታዋጣ ደስ ይላታል እንጂ አትጎዳም። አደራ የምልዎ አንድ ነገር ቢኖር፣ የአገር ቤት ዘመድ ችግርና የኮኮ ዋጋ በልጅቷ ፊት አይወዳደሩ። የ12 ዓመት ልጅ ያንን የምትሰማው «አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ» ተብላ ነው።

የቤት ኪራይ እየጎደለ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እንደዚያ ከሆነ ኮኮ ብቻዋን ትኑር፣ ወንድ አይምጣባት፣ ሦስት ዓመት ካለፋት ጀምሮ በየስድስት ወሩ ሐኪም ሆዷን ይዳስሳት፣ ሽንቷን ይከታተሉ። ይህ ከቀዶው አይሻልም፤ ግን ከምንም ይሻላል፤ ማንም ሰው በዚህ ሊወቅስዎ አይገባም።

አማትዎን በተመለከተ፣ እማማ ያሉት ከርኅራኄ የመጣ ነው። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን እኔ ልፈርድ አልችልም፤ የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ይሻላል። ግን ወሎ ላደጉ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሚያርሱት በሬዎች አብዛኞቹ የተኮላሹ ናቸው፤ ለበዓል የምንፈልገው ሙክትም እንዲሁ። እዚያ ግን ያለ ማደንዘዣ ነበር፤ ኮኮ ተኝታ፣ ሕመም ሳይሰማት ነው የሚሠራላት። እማማን ቁጭ አድርገው ስለ ካንሰሩ ቢነግሯቸው፣ «ማህፀኗ እንዳያማት ነው የምናወጣው» ቢሏቸው እንደሚረዱዎት አምናለሁ። የማህፀን ሕመም ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

«አንዴ ትውለድ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መውለዷ ከካንሰሩ አያድናትም፣ ጠባይዋንም አያስተካክለውም። የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ነው፤ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ ወንዱ አጠገቧ ካለ በወለደችበት ቀን ዳግም ትፀንሳለች። ልጆቹ በአራት ወራቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እነማን ይወስዷቸዋል? የአሜሪካ መጠለያዎች ከፈረንጆች ፋሲካ በኋላ ባሉት ወራት ለሕፃናት ስጦታ ተገዝተው በተጣሉ ጥንቸሎች ይጨናነቃሉ። «መስክ ላይ እንለቃቸዋለን» የሚልም አለ፤ እባክዎ እንዳያስቡት። በቨርጂኒያ ሣር ላይ የሚያዩዋቸው ቡናማ ጥንቸሎች ሌላ ወገን ናቸው፤ ከቤቷ ጥንቸል ጋር አይዳቀሉም፣ አብረዋትም አይኖሩም። የቤት ጥንቸል ውጭ ስትለቀቅ ቀበሮ፣ ውሻ ወይም መኪና ያገኛታል።

ሁለተኛ ጥንቸል የምትለው የልጅዎ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ጥንቸል ብቻዋን መኖር አትወድም። ጊዜው ግን ገና ነው። ኮኮ ታክማ ቁስሏ ከዳነና ሆርሞኗ ከረጋ በኋላ፣ ማለት ከስድስት ሳምንት ያላነሰ ቆይታችሁ፣ ከመጠለያ አስቀድሞ የተኮላሸ ወንድ ውሰዱላት። አብዛኞቹ መጠለያዎች ሳያመክኑ አይሰጡም፤ ያንን ወጪ እነሱ ችለውልዎታል ማለት ነው። የተኮላሸ ወንድና የታከመች ሴት ከሁሉም ጥንድ በላይ ይስማማሉ። ያልታከሙ ሁለት ሴቶች ግን እስከ ደም ይጣላሉ። ሲያስተዋውቋቸው ኮኮ ግዛቴ በማትለው ክፍል፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይሁን።

ወንድ ጥንቸል ላላችሁ አንባቢዎች በአጭሩ፦ የወንድ ማኮላሸት ፈጠን ያለ፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ ነው፤ ፍሬዎቹ ከወረዱ በኋላ፣ ከሦስት ተኩል ወር ግድም ጀምሮ ይሠራል። እንደ ሴቷ የካንሰር ጥድፊያ የለበትም፤ ሽንት መርጨቱ፣ በሰው እግር ላይ መውጣቱና ጠበኛነቱ ነው የሚያስቸግረው። ከተኮላሸ በኋላ ግን እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላልና ካልታከመች ሴት ያርቁት። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ ጥንቸል ቀዶ ሠርቶ የሚያውቅ ሐኪም ካላገኛችሁ አትቸኩሉ። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ጠይቁ፤ እስከዚያው ወንዱንና ሴቷን ሦስት ወር ሳይሞላቸው መለየት ብቻውን ብዙ ችግር ያስቀራል።

ወደ ኮኮ ልመለስ። ቀኑ ሲደርስ መያዣ ሳጥኗ ውስጥ ከቤቷ የወሰዳችሁትን ድርቆሽ አድርጉላት፤ የራሷ ሽታ ያረጋጋታል። የምትወደውን ቅጠልም ቋጥራችሁ ለክሊኒኩ ስጡ። ከሰመመን የነቃች ጥንቸል ፔሌቱንም (ተጨምቆ የተሠራውን ደረቅ ምግቧን) ድርቆሹንም እምቢ ስትል፣ ትኩስ የበሶብላ ቅጠል ወይም የድንብላል ቅጠል አፍንጫዋ ሥር ሲያዝላት አፍንጫዋ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ከዚያ አንዱን ቅጠል ከጫፉ ይዛ ቀስ እያለች ታስገባዋለች። እኛ ክሊኒክ ያንን ስናይ ለባለቤቶቹ የምንደውለው የመጀመሪያው ስልክ እሱ ነው።

ቤት ስትደርስ ሞቅ ባለ፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ ከፍ ዝቅ የሌለበት ወለል ላይ አስቀምጧት። የእንጨት ፍቅፋቂ ቁስሏ ላይ ስለሚጣበቅ ለጥቂት ቀን ንጹሕ ፎጣ አንጥፉላት። ውሾች አንገት ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ ከለላ ለጥንቸል አይመከርም፤ ለስላሳውን ኩሷን ከመቀመጫዋ መልሳ የምትበላ እንስሳ ናትና እሱ ይከለክላታል፤ ይህ ደግሞ ጤንነቷ ነው። ቁስሏን አብዝታ የምትልስ ከሆነ ለክሊኒኩ ይደውሉ። ከ10 እስከ 14 ቀን ከመዝለልና ከመታቀፍ ትቆጠብ።

ከሁሉም በላይ የሚታየው መብላቷና በጠጧ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ትንሽና ጥቂት በጠጥ ብትጥል አያስደነግጥም። 12 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ወይም ምንም ካልጣለች ግን እስከ ነገ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ይሂዱ። ጎብጣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ድምፅ እያሰማች የምታፋጭ ከሆነ አሟታል። ክሊኒኩ በውኃ የሚበጠበጥ የበሽተኛ ምግብ፣ ክሪቲካል ኬር የሚባለውን፣ ከሲሪንጅ ጋር ቢሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተለማመዱት፤ ከአፏ ጎን፣ ጥቂት ጥቂት፣ እስክትውጥ እየጠበቃችሁ።

ይህን ደግሞ አደራ፦ ቤት ውስጥ ለልጆች ታዝዞ የተረፈ አሞክሲሲሊን እንዳይሰጣት። በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን የጥንቸልን የአንጀት ባክቴሪያ ገልብጦ ይገድላታል። የሰው የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጣትም። ለእማማም ይንገሯቸው፤ የታመመ ሲያዩ መድኃኒት ሳይፈልጉ የማያርፉ ደግ ሰው ይመስሉኛል።

ጠባይዋ በማግስቱ አይለወጥም። ሆርሞኑ ከደሟ እስኪወጣ አራት፣ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ጎጆ መሥራቱ ይቀራል፣ ማጉረምረሙና ምንጣፍ ላይ መሽናቱ ይቀንሳል። ፈሪ ሆና የተፈጠረች ከሆነች ግን ፈሪነቱ አይጠፋም፤ እሱ ትዕግሥትና ወለል ላይ አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል።

ለልጅዎ ቁጥሩን እንዳለ ይንገሯት። ጥንቸል በማደንዘዣ ልትሞት እንደምትችል፣ ያ እንዳይሆን እናንተ ምን ምን እንደጠየቃችሁ፣ ካልታከመች ደግሞ ምን እንደሚጠብቃት። ሥራም ይስጧት፤ ከቀዶው በፊት ባለው ሳምንት ኮኮ በቀን ምን ያህል ድርቆሽ እንደምትበላና ምን ያህል በጠጥ እንደምትጥል ደብተር ላይ ትጻፍ። ሐኪሟ ጤነኛዋ ኮኮ ምን እንደምትመስል የምታውቀው ከዚያ ደብተር ነው፤ ከቀዶው በኋላም ልዩነቱን ቀድማ የምታየው ልጅቷ ትሆናለች።

ቀጠሮውን ደግሞ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ያድርጉት እንጂ ዓርብ አይሁን። ከቀዶው በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት መብላት ብታቆም፣ የሠራላት ክሊኒክ ክፍት ሆኖ ሊያገኙት ይገባል።